የቅንጨ አረም ዋግ ስንዴ አይነካም

ክረምቱ ወጥቶ ጤዛው ሲበረታ ቢሮዬ በፌስታል ይሞላል። ውስጡ ሁሌም ያው ነው፤ ዋግ የሚባለው የተክል በሽታ ይዞት ቡናማ ዱቄት የለበሰ የቅንጨ አረም (ፓርቲኒየም) ቅጠል። ጥያቄውም ያው ነው። «ይሄ ነገር ወደ ስንዴዬ ሊሻገር ነው?»

አይሻገርም። ኮምቦልቻ ላይ ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት ፈጣሪ ይወቀው።

ሰውን የሚያሳስተው ስሙ ነው። ስንዴ ላይም ዋግ፣ አረም ላይም ዋግ እንላለን። ወገናቸውም አንድ ነው፤ ሁለቱም ፑክሲኒያ የሚባሉ ፈንገሶች ናቸው። በጣት ስትነኩት ዱቄቱ እንደ ቀረፋ ይቀባል። ግን ዋግ ምግብ መራጭ ነው። በሕይወት ባለ ተክል ላይ ብቻ ይኖራል፣ ያውም በለመደው። የቅንጨ አረሙ ዋግ ፑክሲኒያ አብሩፕታ ይባላል፤ ስንዴ ላይ ቢያርፍ ጾሙን አድሮ ይሞታል። የግንድ ዋግ፣ የቅጠል ዋግና ቢጫ ዋግ የስንዴ ናቸው፤ እነሱም ቅንጨ አረምን ዞር ብለው አያዩትም። አረሙ ከእርዳታ ስንዴ ጋር ገባ ስለሚባል፣ «ከስንዴ የመጣ ስንዴ አያጣም» የሚለኝም አለ። ምን ልበለው?

አምና ከደሴ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ አንድ አባት መጡ።

«አባቴ፣ ምን አደረጉ?»

«ረጨሁታ!»

ለስንዴ የገዙትን ፀረ ዋግ መድኃኒት ድንበሩ ላይ በበቀለው አረም ጨርሰውታል። ሄጄ ሳየው አረሙ አዲስ ቅጠል አውጥቶ፣ ነጭ አበባውን ነስንሶ ቆሟል። አከሙታ! ስንዴው ላይ ግን ቢጫ ዋግ ጀምሮ ነበር፤ በነፋስ የመጣ እንጂ ከአረሙ አይደለም። መድኃኒቱ ደግሞ አልቋል።

ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፣ «ዋጉ ይጨርስልኛል» ብሎ ማረሙን ይተዋል። አይጨርስልህም ወንድሜ። አውስትራሊያ ይህንኑ ዋግ ከሜክሲኮ አምጥታ እ.ኤ.አ. በ1991 ሆን ብላ ለቃዋለች፤ አረሙ ግን ዛሬም አለ። ዋጉ ቅዝቃዜና ጤዛ ይወዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ቦርከና ወንዝ ዳር ስትደርሱ፣ በበጋው ሙቀት ጉልበቱ ይከዳዋል። አንድ እግር ቅንጨ አረም ደግሞ እስከ 25,000 ፍሬ ይጥላል።

«ዱቄቱ ያሳክካል» ይባላል። የሚያሳክከው አረሙ ራሱ ነው፣ ጤነኛውም ጭምር።

«ጉም ያመጣዋል»ም አለ። ጉም በሽታ አይወልድም። የዋጉ ዱቄት በነፋስ ይመጣል፤ እንዲበቅል ግን ቅጠሉ ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት።

«ሱፍ ላይ ያየሁትስ?» ሱፍ የቅንጨ አረም ዘመድ ነው፣ ዋጉ ግን የራሱ ነው። ከዘሩ ጋርም ይመጣል፤ ስለዚህ ከታመመ ማሳ ዘር አትያዙ።

አረሙን ሳያብብ፣ መሬቱ ረጥቦ ሳለ ከነሥሩ ንቀሉት። እጃችሁን በጓንት ሸፍኑ፤ ጓንት ከሌለ በዚያው በፌስታል ጠቅልሉት። ለላም አትስጡ፣ ወተቱ ይመራል። ስንዴያችሁን ደግሞ ከዳር ቆማችሁ አትዩት፤ በየሳምንቱ መሃሉ ድረስ ግቡና ቅጠሉን እያገላበጣችሁ ተመልከቱ። ቡናማም ሆነ ቢጫ ዱቄት የስንዴው ቅጠል ላይ ካያችሁ፣ ያኔ ፌስታሉን ይዛችሁ ኑ። በዚያው ቀን።