ኤፍ-20 ታይገርሻርክ፦ ገዢ ያጣው ተዋጊ ጄት

ኤፍ-20 ታይገርሻርክ የአሜሪካው ኖርዝሮፕ ኩባንያ የሠራው ቀላል ተዋጊ ጄት ነው። ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይበራል። ተሠርተው የበረሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የታጠቀው አየር ኃይልም የለም።

መሠረቱ ኤፍ-5 ነው። ኤፍ-5 ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኦጋዴኑ ጦርነት ጀግኖቻችን የሶማሊያን ሚጎች ያወረዱት በእሱ ነበር።

በ1980 እ.ኤ.አ. የካርተር መንግሥት ለወዳጅ አገሮች የሚሸጥ፣ አቅሙ ከአሜሪካ አየር ኃይል ተዋጊ ጄት ከኤፍ-16 ዝቅ ያለ ተዋጊ እንዲሠራ ፈቀደ። ወጪውን የሚችለው ግን ኩባንያው ራሱ ነው። ኖርዝሮፕ የኤፍ-5ን ሁለት ሞተሮች አውጥቶ በምትካቸው አንድ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤፍ404 ገጠመ። ጉልበቱ ከግማሽ በላይ ጨመረ። ኦገስት 30 ቀን 1982 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ፣ በዚያው በረራ የድምፅን ፍጥነት አለፈ።

ትልቁ ችሎታው ፈጥኖ መነሳቱ ነው። በጊዜው የብዙ ጄቶች የአቅጣጫ መሣሪያ እስኪዘጋጅ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የታይገርሻርክ በሌዘር የሚሠራ ስለነበር 22 ሰከንድ ይበቃዋል። የማንቂያ ደወል ከተሰማ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አየር ላይ ነው። የድምፅን ፍጥነት መጀመሪያ ያለፈው ቸክ ዬገር ሳይቀር በአደባባይ አወድሶታል። ከኤፍ-16 ይበልጥ ነበር የሚሉም አሉ። በርቀትና በጭነት እንኳ አይደርስበትም። በጥገና ቅለትና በዝግጁነት ግን ይበልጠው ነበር ይባላል።

ያጣው ገበያ ነው። ዋና ገዢ ትሆናለች የተባለችው ታይዋን በቻይና ተቃውሞ ምክንያት ቀረች። ሬጋን ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ ኤፍ-16 ራሱ በሰፊው ለውጭ ይሸጥ ጀመር። የአሜሪካ አየር ኃይል ያልያዘውን አውሮፕላን ማን ደፍሮ ይግዛ?

በኦክቶበር 1984 አንዱ በደቡብ ኮሪያ ሱዎን፣ በሜይ 1985 ሌላው በካናዳ ጉዝ ቤይ ተከሰከሱ። ሁለቱም አብራሪዎች ሞቱ። መርማሪዎች በአውሮፕላኖቹ ላይ ብልሽት አላገኙም፤ አብራሪዎቹ በከባድ የመታጠፍ ጫና ራሳቸውን ስተው ሳይሆን አይቀርም። የተረፈው ሦስተኛው ሎስ አንጀለስ፣ ካሊፎርኒያ ሳይንስ ሴንተር ውስጥ ይገኛል።

የመጨረሻው ተስፋ የአሜሪካ የአገር ውስጥ አየር መከላከያ ውድድር ነበር። በ1986 መገባደጃ አሸናፊው የተሻሻለ ኤፍ-16 ሆነ። ኖርዝሮፕም በኖቬምበር ፕሮጀክቱን ዘጋ። እስከዚያ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበታል፤ አራተኛው አውሮፕላንም ሳያልቅ ቀረ።