ብርሃን ቀያሪ ናኖ ቅንጣቶች
ብርሃን ቀያሪ ናኖ ቅንጣቶች ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ጨረር ተቀብለው የሚታይ ብርሃን አድርገው የሚመልሱ እጅግ ደቃቅ ክሪስታሎች ናቸው። የሚያስፈልጉበትን ምክንያት ጎጃም ውስጥ ማታ መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ በመዳፉ የሸፈነ ልጅ ሁሉ አይቶታል፤ ጣቶቹ ቀይ ሆነው የሚበሩት ሰማያዊውና አረንጓዴው ብርሃን በደሙ ተውጦ ስለሚቀር ነው። ከቀዩ ቀጥሎ ያለው ኢንፍራሬድ ግን ከቀዩም ይበልጥ ጠልቆ ይገባል፤ ቅንጣቶቹም እዚያው ሰውነት ውስጥ ወደሚታይ ብርሃን ይቀይሩታል።

አንድ የኢንፍራሬድ ፎቶን (ትንሿ የብርሃን ጉልበት እሽግ) ብቻውን ሰማያዊ ብርሃን ለማውጣት አቅም የለውም፤ ስለዚህ ሥራው የሚሠራው እንደ ደቦ በጋራ ጉልበት ነው። በብዛት በሚሠራበት የሶዲየም ኢትሪየም ፍሎራይድ ክሪስታል ውስጥ ኢተርቢየም የተባለው ንጥረ ነገር የሞገድ ርዝመቱ 980 ናኖሜትር የሆነውን ኢንፍራሬድ ጨረር እየሰበሰበ ለጎረቤቱ ንጥረ ነገር ያቀብላል፤ ተቀባዩም ጉልበቱን ደረጃ በደረጃ አጠራቅሞ፣ ኤርቢየም ከሆነ አረንጓዴና ቀይ፣ ቱሊየም ከሆነ ደግሞ ሰማያዊ ያወጣል። ይህን ቅብብል ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ኦዜል በ1966 እ.ኤ.አ. አሳይቷል።

ለምስል ሥራ ትልቁ ጥቅሙ የምስሉ ጥራት ነው። ሰውነት ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱም በመጠኑ ስለሚያበራ የሚፈለገውን ነገር ያደበዝዛል፤ በኢንፍራሬድ ሲበራበት ግን ቅንጣቱ ብቻ ጎልቶ ይታያል።

የነርቭ ሕዋሳትን በብርሃን ለማዘዝ ከአረንጓዴ አልጌ የተገኘው ቻነልሮዶፕሲን የተባለ ፕሮቲን በዘረመል አማካይነት ወደ ሕዋሱ ይገባል፤ ፕሮቲኑም 470 ናኖሜትር ገደማ በሆነ ሰማያዊ ብርሃን ይከፈታል። ቀድሞ ለዚህ ቀጭን የብርሃን ገመድ አንጎል ውስጥ መትከል ግድ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ሪከን ተቋም ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ቅንጣቱን በአይጦች አንጎል ውስጥ በመርፌ አስገብተው፣ ከራስ ቅል ውጭ በሚላክ ኢንፍራሬድ ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል እንዲመነጭ አደረጉ፤ በሌላ ሙከራም ሕዋሳቱን ዝም በማሰኘት የሚጥል ሕመምን አስታገሡ። ልጃቸው በምድጃ ላይ እንዳይወድቅ፣ ወንዝ ብቻውን እንዳይሻገር ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ለሚያሳድጉ የጎጃም እናቶች ይህ ሕመም ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም፤ ለእኔም ከሙከራዎቹ ሁሉ የሚልቀው ይኸኛው ነው።

ነገር ግን ሁሉም ገና በእንስሳት ላይ ያለ ነው። የ980 ናኖሜትር ጨረር በውኃ ስለሚመጠጥ ሕብረ ሕዋስን ያሞቃል፤ ስለዚህም ኒዮዲሚየም የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ክሪስታሉ ጨምሮ ውኃ እምብዛም ወደማይመጥጠው 808 ናኖሜትር መሸጋገር ተጀምሯል። የሚበልጠው ችግር ግን ክሪስታሉ በቀላሉ አለመሟሟቱ ነው፤ በደም ሥር የተሰጠ ቅንጣት በጉበትና በጣፊያ ተከማችቶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።