የማጭበርበሪያ ኢሜይልና የስልክ ጥሪ

የማጭበርበሪያ ኢሜይልና የስልክ ጥሪ የሚባለው አንድ ሰው ያልሆነውን ነኝ ብሎ የሌላውን ገንዘብ፣ የይለፍ ቃል ወይም የማንነት መረጃ የሚወስድበት ዘዴ ነው። መሣሪያው አዲስ ቢሆንም ተንኮሉ ያረጀ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን «የስፔኑ እስረኛ» የሚባል ደብዳቤ በፖስታ ይዞር ነበር። አንድ ባለጸጋ ስፔን ውስጥ ታስሯል፤ ለማስፈቻው ጥቂት ገንዘብ ብትልኩ ከደበቀው ሀብት ድርሻችሁን ታገኛላችሁ ይላል። ኒው ዮርክ ታይምስ በ1898 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ደብዳቤው ሲጽፍ፣ ያኔውኑ ፖሊስ ከሚያውቃቸው አሮጌ ማታለያዎች አንዱ ብሎት ነበር። በኋላ በፋክስና በኢሜይል የመጣው የ«ውርስ ገንዘብ» መልእክት የዚያው ደብዳቤ ልጅ ነው። «419» የሚለው ቅጽል ስሙ የተወሰደው፣ አታሎ ንብረት መውሰድን ከሚከለክለው የናይጄሪያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ ነው።

እንዲህ ያለው መልእክት ብዙ ጊዜ በፊደል ስሕተት የተሞላ፣ ታሪኩም ለማመን የሚከብድ ነው። ሰው አይቶ ይስቅበታል። የማይክሮሶፍት ተመራማሪው ኮርማክ ሄርሊ ግን በ2012 ባወጣው ጥናት ነገሩን ገልብጦ አየው። ለሚሊዮን ሰው መላክ ለአጭበርባሪው ከምንም አይቆጠርም፤ የሚያደክመው መልስ ከሰጡት ጋር ለሳምንታት መጻጻፉ ነው። ታሪኩ የጅል መምሰሉ ተጠራጣሪውን ከበር ይመልስለትና የሚያምነውን ብቻ ያስቀርለታል። ወንፊት ነው እንጂ ድንቁርና አይደለም። አሁን ደግሞ ኮምፒውተር ራሱ ያማረ ደብዳቤ የሚጽፍበት ዘመን ስለመጣ «የፊደል ስሕተት ፈልጉ» የሚለው የቆየ ምክር ከመጥቀሙ ማዘናጋቱ ይብሳል። ስሕተት የሌለበትን ሁሉ እውነተኛ ያስመስላልና።

ስሙን የሚጽፈው ላኪው ነው

ኢሜይል የሚጓዝበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ በ1982 ሲወጣ፣ ኔትወርኩ ላይ የነበሩት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲና የምርምር ሰዎች ነበሩ። እርስ በርስ ለመጠራጠር ምክንያት አልነበራቸውም፤ ደንቡም የላኪውን ማንነት አያጣራም። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪውን ስም የሚጽፈው ራሱ ላኪው እንደሆነ ሁሉ፣ ኢሜይሉ አናት ላይ የሚታየውም ላኪው የፈለገው ስም ነው። ክፍተቱን ለመድፈን ኤስፒኤፍ፣ ዲኪምና ዲማርክ የተባሉ ማጣሪያዎች በኋላ ተጨምረዋል። መልእክቱ ከተጠቀሰው ዶሜይን (በኢሜይል አድራሻ ውስጥ ከ@ ምልክት ቀጥሎ ካለው የተመዘገበ ስም) በእርግጥ መነሣቱን ይመረምራሉ። ባለቤቱ ሐቀኛ ይሁን አይሁን ግን አይመለከታቸውም። ከባንኩ ስም አንዲት ፊደል ብቻ የለወጠ ዶሜይን ያስመዘገበ ሌባ ሦስቱንም በሰላም ያልፋል።

አድራሻ ማንበብ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ድረ ገጽ ባለቤት የሚታወቀው ከስሙ መጀመሪያ ሳይሆን ከመጨረሻው ነው። «ባንክ ነጥብ ማረጋገጫ ነጥብ ኮም» የሚል ሊንክ ቢመጣ፣ ገጹ የባንኩ ሳይሆን «ማረጋገጫ ነጥብ ኮም» የተባለውን ስም ያስመዘገበው ሰው ነው፤ ከፊቱ ያሻውን ቃል መለጠፍ ይችላል። በስልክ ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የላኪው ስም ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን ነክቶ ከሥሩ ያለውን ሙሉ አድራሻ ማየት ያስፈልጋል። ዓይን ያመለጠውን ደግሞ የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም ይይዘዋል። ፓስወርዱን የሚሞላው በተመዘገበበት ዶሜይን ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ሁልጊዜ ይሞላ የነበረው ዛሬ ዝም ካለ፣ እጅን ከኪቦርዱ ላይ ማንሣት ነው።

ስልክም ከዚህ አይሻልም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ከሚደውለው ወገን የተላከ መረጃ ነው። በኢንተርኔት የሚደወልበት ቴክኖሎጂ ከተስፋፋ ወዲህ የሌላውን ቁጥር አስመስሎ መደወል ቀላል ሆኗል። አሜሪካ ትልልቅ የስልክ ኩባንያዎቿ እስከ ሰኔ 30 ቀን 2021 ድረስ የደዋዩን ቁጥር በዲጂታል ፊርማ የሚያረጋግጥ ሥርዓት እንዲዘረጉ አስገድዳለች፤ ከሌላ አገር በሚገባ ጥሪ ላይ ግን አቅሙ ውስን ነው። የጽሑፍ መልእክት ይባስ ያሳስታል። አጭበርባሪው በባንኩ ስም ከላከ፣ ስልኩ መልእክቱን ከእውነተኞቹ የባንክ መልእክቶች ሥር ይደረድረዋል። ተቀባዩ ወደ ላይ ቢያሸብልል ያለፈው ወር እውነተኛ መልእክት እዚያው አለ። ታዲያ እንዴት ይጠርጥር?

አንድ ጥሪ በቅርበት

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከባንክ ነው የምደውለው። ከሒሳብዎ ገንዘብ ሊያወጣ የሞከረ ሰው ስላለ ለጊዜው አግደነዋል። እርስዎ ነዎት እንዴ?» ባለሒሳቡ ይደነግጣል፤ አይደለሁም ይላል። «እንግዲያው አሁኑኑ እንሰርዘው። ስልክዎ ላይ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር ይደርስዎታል፤ ያንብቡልኝ።»

ቁጥሩ ይደርሳል። ከባንኩ የተላከ እውነተኛ ቁጥር ነው፤ ብልሃቱ ያለውም እዚያ ላይ ነው። በዚያች ደቂቃ ደዋዩ የባንኩን ገጽ ከፍቶ «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ተጭኗል፤ ኮዱን የላከው የባንኩ ኮምፒውተር ነው። ለባለሒሳቡ ግን የመልእክቱ መድረስ የደዋዩ እውነተኛነት ማስረጃ ይሆንበታል። መልእክቱ ራሱ «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ቢልም፣ ጆሮው ሌላ ድምፅ እየሰማ ዓይኑ ቁጥሩን ብቻ ይፈልጋል። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ የተማሩ ሰዎች የሚወድቁት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የማያውቁት ነገር ኖሮ ሳይሆን ለማሰብ የሚሆን ፋታ ስላጡ።

ሌሎቹ ጥሪዎችም ፋታ ማሳጣትን ይጋራሉ። «ኮምፒውተርዎ ቫይረስ ገብቶበታል» ብሎ ከርቀት የሚቆጣጠሩበትን ፕሮግራም የሚያስጭን አለ። ገንዘብዎን ወደ «አስተማማኝ ሒሳብ» ያዛውሩ የሚል አለ፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ የትም የለም። ጃፓኖች «ዋንጊሪ» ያሉት ደግሞ አንድ ጊዜ ጠርቶ የሚቋረጥ ጥሪ ነው፤ መልሶ የደወለ ሰው ውድ ታሪፍ ያለው መስመር ላይ ይወድቃል። በኮከብ ምልክት የሚጀምር ቁጥር እንዲያስገቡ የሚጠይቅም አለ። ይህኛው ጥሪዎችን ወደ አጭበርባሪው ስልክ ያዛውራል። በአብዛኞቹ የጂኤስኤም (የሞባይል ስልክ) ኔትወርኮች ላይ ##002# ደውሎ ማስተላለፉን መሰረዝ ይቻላል።

የለመድነው ድምፅም ዋስትና መሆኑ ቀርቷል። በ2024 መጀመሪያ አሩፕ የተባለው የእንግሊዝ ምሕንድስና ኩባንያ የሆንግ ኮንግ ሠራተኛ በቪዲዮ ስብሰባ ላይ አለቃውንና ባልደረቦቹን አይቶ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስተላልፏል። ስብሰባው ላይ የታዩት ሰዎች በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎች ነበሩ።

ዘግቶ መደወል

ከተዘረዘሩት ዘዴዎች ለብዙዎቹ የሚበጀው መከላከያ ቀላል ነው፦ ስልኩን መዝጋትና በራስ መንገድ መመለስ። የባንኩ ቁጥር ከካርዱ ጀርባ ላይ አለ፤ ደዋዩ የሰጠው ወይም መልእክቱ ውስጥ የተጻፈው ቁጥር አይሆንም። ሊንክም እንዲሁ ነው፤ ሊንኩን ትቶ የባንኩን መተግበሪያ ራስ መክፈት። የመደበኛ ስልክ ተጠቃሚ ግን አንድ ነገር ይጠንቀቅ። በአንዳንድ የስልክ መሥመሮች የደወለው ሰው ካልዘጋ መሥመሩ ለተወሰነ ጊዜ ክፍት ሊቆይ ይችላል፤ ሐሰተኛ የመደወያ ድምፅ አሰምተው «ባንክ» ሆነው መልሰው ያነሱ ሌቦች ነበሩ። በሌላ ስልክ መደወል ይሻላል። «ልጅህ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶብኝ ነው» ለሚል ጥሪ ደግሞ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል አስቀድሞ መስማማት ይበቃል።

ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብሎ መቀመጥ አያዋጣም፤ ጅቡ ብዙ ጊዜ ገና ግቢ ውስጥ ነው። የተላለፈ ገንዘብ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ እስኪበተን ጥቂት ጊዜ አለ፤ ባንኩ በዚያ ውስጥ ከሰማ ሊያግደው ይችላል። ፓስወርድ ሲቀየር ከኢሜይሉ መጀመር ያስፈልጋል፤ የሌሎቹ ሁሉ መክፈቻ የሚላከው ወደዚያ ነውና። መልእክቶቹን ከማጥፋት በፊት ለፖሊስ እንዲሆኑ ማስቀመጥም አይረሳ።

በአሜሪካው ኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል በ2024 ብቻ የ16.6 ቢሊዮን ዶላር ኪሳራ ተመዝግቧል፤ ይህ እንግዲህ ያመለከቱት ሰዎች ብቻ ነው። አፍሮ ዝም የሚል ብዙ ነው። ማፈሩ ግን አያስኬድም፤ በዚያኛው ጫፍ ያለው ለዚህ ሥራ የተደራጀ ኃይል ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮ በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በማይናማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያ ደግሞ 100,000 ያህል ሰዎች በአጥር ግቢ ተይዘው ይህን ሥራ በግድ ሳይሠሩ አልቀሩም።

የተታለሉ ሰዎች ስም ዝርዝር ከአንዱ ሌባ ወደ ሌላው ይሸጣል። ከወራት በኋላ «ጠበቃ ነኝ» ወይም «መርማሪ ነኝ» የሚል ሰው ይደውላል። የጠፋውን ገንዘብ መጠን ያውቃል፤ ተገኝቷልም ይላል። ለማስለቀቂያ ትንሽ ክፍያ ይጠይቃል፤ ያን ሲከፍሉት ግብር የሚባል ሌላ ይመጣል።