የምንጊዜም ምርጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማነው? የአንድ ሙግት ዳሰሳ

የምንጊዜም ምርጡ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ማነው የሚለው ሙግት በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ ታሪክ ላይ ነው። ዛሬ ፊት ለፊት የቆሙት ማይክል ጆርዳንና ሌብሮን ጄምስ ናቸው። አሜሪካውያን ማዕረጉን ባጭሩ «ጎት» ይሉታል፤ የአራት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው የፈጠሩት ስም ነው። ቃሉ ፍየል ማለት ስለሆነም ደጋፊዎች የሚያደንቁትን ሰው በፍየል ምስል ያሞግሱታል። በአማርኛ ፍየል ለሙገሳ አይሆንምና «የምንጊዜም ምርጥ» ይበቃናል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጆርዳን ወገን መከራከሪያ አጭርና ስለታም ነው፦ ስድስት ጊዜ ለፍጻሜ ደረሰ፣ ስድስቱንም አሸነፈ። የኤንቢኤ ፍጻሜ የአንድ ቀን ግጥሚያ አይደለም፤ ቢበዛ ሰባት ጨዋታ ይደረግና ቀድሞ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ከቺካጎ ቡልስ ጋር ከ1991 እስከ 1993፣ እንደገናም ከ1996 እስከ 1998 ዋንጫ ሲያነሳ አንዱም ፍጻሜ ወደ ሰባተኛ ጨዋታ አልተሻገረም። በስድስቱም የፍጻሜው ኮከብ እሱ ነበር። በመካከሉ ጫማውን ሰቅሎ ቤዝቦል ሲጫወት ቆይቶ ነው የተመለሰው። በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያስቆጠረው 30.1 ነጥብ በሊጉ ታሪክ ቀዳሚው ሲሆን፣ የውድድር ዘመኑን የነጥብ አስቆጣሪነት ክብር 10 ጊዜ ወስዷል። ነጥቡ ሲወራ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ በ1988 የዓመቱ ኮከብም፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም እሱ ነበር።

የሌብሮን ወገን የሚመዝነው ዕድሜን ነው። በ2003 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ኤንቢኤ ገብቶ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውቷል። ካሪም አብዱልጀባር ከ1984 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የጠቅላላ ነጥብ ክብረ ወሰን በ2023 ሰበረ፤ በቀጣዩ ዓመት 40,000 ነጥብ የሞላ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። አራት ዋንጫዎቹን ያገኘው በማያሚ፣ በክሊቭላንድና በሎስ አንጀለስ ሌከርስ ነው። ከሁሉም የሚበልጠው የ2016ቱ ነው። ክሊቭላንድ በፍጻሜው በጎልደን ስቴት በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ጎልደን ስቴት በዚያው ዓመት በመደበኛው ውድድር 73 ጨዋታ አሸንፎ የጆርዳንን ቡልስ የ72 ድል ክብረ ወሰን የሰበረ ቡድን ነበር።

ሌብሮን ከተጫወታቸው 10 ፍጻሜዎች ስድስቱን ተሸንፏል፤ የጆርዳን ወዳጆችም ይህን ሳያነሱ አይውሉም። ፍጻሜ ደርሶ መሸነፍ በመጀመሪያው ዙር ከመውደቅ የከፋ ጥፋት ሆኖ መቆጠሩ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ጆርዳን ራሱ ከ1985 እስከ 1987 ሦስቴ በተከታታይ ከመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል፤ እነዚያን ዓመታት ማንም እንደ ዕዳ አይቆጥርበትም።

ዋንጫ መቁጠር ከተጀመረ ደግሞ ስድስት ላይ ማቆም አይቻልም። ቢል ራስል ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር ከ1957 እስከ 1969 በ13 የውድድር ዘመን 11 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ስምንቱ ያለማቋረጥ የተገኙ ናቸው። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዋንጫዎች ያነሳው ተጫዋችም አሰልጣኝም ሆኖ ነው። ለዚህ የተለመደው መልስ «ያኔ ሊጉ ትንሽ ነበር» የሚል ነው፤ እውነትም ራስል ሲመጣ የነበሩት ስምንት ቡድኖች ብቻ ናቸው። ነገር ግን ስምንት ቡድን ብቻ ሲኖር ደካማ ተጫዋች የሚደበቅበት ቦታ አይኖርም፤ ከዘመኑ ታላቅ ነጥብ አስቆጣሪ ከዊልት ቼምበርሊን ጋርም በየዓመቱ ደጋግሞ መገናኘት ግድ ነው።

ቼምበርሊን በማርች 2 ቀን 1962 በፔንሲልቬንያዋ ኸርሺ ከተማ ኒውዮርክ ኒክስ ላይ ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጥሯል። በዚያ የውድድር ዘመን አማካዩ 50.4 ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልተጠጋውም። የዓመቱን ኮከብ የሚመርጡት በዚያ ዘመን ራሳቸው ተጫዋቾቹ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት የመረጡት ግን ራስልን ነው። ሁለቱንም ሜዳ ላይ የገጠሙ ሰዎች የሰጡት ፍርድ ስለሆነ፣ በዚህ ሙግት ውስጥ ከማንኛውም አኃዝ በላይ እኔን የሚያሳምነኝ እሱ ነው።

አኃዙ ራሱ ጎደሎ ነው። ሊጉ የተመከቱና የተነጠቁ ኳሶችን መቁጠር የጀመረው በ1973–74 ነው። የራስል ዋና ጥበብ መመከት ነበር፦ ኳሱን ከሜዳ ውጭ ከማጦዝ ይልቅ ወደ ቡድኑ ጓደኞች አቅጣጫ ይገፋውና መከላከሉን በቅጽበት ወደ ማጥቃት ይለውጠው ነበር። ከዚያ አንዱም አልተመዘገበለትም። የሦስት ነጥብ መስመርም የተሰመረው በ1979–80 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበረ ተኳሽ ከሩቅ ያገባው ሁሉ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር።

ካሪም በሙግቱ ሦስተኛ ስም ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል፤ ስድስት ዋንጫና ማንም ያላገኘው ስድስት የዓመቱ ኮከብነት አለው። በሴቶቹ በኩል ስድስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት ዳያና ቶራሲ ብዙ ጊዜ ትጠቀሳለች።

የፍጻሜው ኮከብ ሽልማት የተጀመረው በ1969 ነው፤ የራስል የመጨረሻ ዓመት። ቦስተን ሌከርስን በሰባት ጨዋታ አሸነፈ፣ ሽልማቱ ግን ለተሸናፊው ቡድን ጄሪ ዌስት ተሰጠ። ራስል ሽልማቱን አንድ ጊዜም ሳይወስድ ጫማውን ሰቀለ። ከ2009 ጀምሮ ግን ሽልማቱ የሚጠራው በእሱ ስም ነው፤ የሌብሮን አራቱም የፍጻሜ ኮከብነቶች የቢል ራስል ሽልማት ናቸው።