የነፋስ አቅም ምንድን ነው?

ታኅሣሥ ላይ ወሎ ውስጥ ደላንታ፣ አጎቴ አውድማ ላይ ነበርኩ። ምርቱ ተወቅቶ ተከምሯል። ሰው ሁሉ ላይዳውን ይዞ ነፋስ ይጠብቃል። ረፋዱ ላይ አንድ ሁለቴ መጣና ጠፋ። እኔ ተነሳሁ፤ አጎቴ ግን ንቅንቅ አላለም። "ይሄማ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚያዘራው ሳያቋርጥ የሚነፍሰው ነው" አለኝ።

የነፋስ አቅም የሚባለው ነገር ዋናው ሐሳብ እዚህ አለ። አቅም ማለት በአንድ ቦታ የሚነፍሰው ነፋስ፣ ዓመቱን ሙሉ ቢለካ፣ ምን ያህል ኤሌክትሪክ ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። አንድ ቀን ቆርቆሮ የገነጠለ አውሎ ነፋስ አቅምን አያሳይም። እንዲያውም ብዙዎቹ ትልልቅ ተርባይኖች፣ ማለትም ነፋስ ክንፋቸውን እያዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ማሽኖች፣ ነፋሱ በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ሲደርስ እንዳይሰበሩ ራሳቸውን ያቆማሉ። በጣም ሲደክም፣ ከ3 ሜትር በታች ሲሆን ደግሞ አይሠሩም። እንጀራቸው ያለው በመካከል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ አይሆንም፤ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሜትር ሲሆን 5 × 5 × 5 = 125፣ 6 ሜትር ሲሆን 6 × 6 × 6 = 216 እንደማለት ነው። ከ5 ወደ 6፣ በሰከንድ የአንድ ሜትር ልዩነት ብቻ ጉልበቱን ከ70 በመቶ በላይ ያሳድገዋል። ስለዚህ ሁለት ጎረቤት ኮረብታዎች አንዱ አዋጭ፣ አንዱ ኪሳራ ሊሆኑ ይችላሉ። በዓይን አይገመትም። ረጅም ማማ ተተክሎ፣ መለኪያ ተሰቅሎ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት መለካት አለበት።

የባሕር ጠረፍ ያላቸው አገሮች በዚህ ዕድለኞች ናቸው። ውኃው ሜዳ ነው፤ ነፋሱን የሚሰብር ዛፍም ቤትም የለም። ቀን ላይ የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚግል ቀዝቃዛው አየር ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል። ዴንማርክ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሕር ውስጥ 11 ተርባይኖች ተክላ ለዓለም መንገዱን ያሳየችው ለዚህ ነው።

ወሎ ባሕር የለውም። ግን ከፍታና ገደል አለው። ከደጋው ጫፍ ቁልቁል የአፋር በረሃ ነው። ቆላው ሲግል አየሩ ሽቅብ ይወጣል፤ ጋራ ሲያጋጥመው ተጨምቆ ይፈጥናል። ጦሳ ላይ ወጥቶ ደሴን ከላይ ያየ ሰው ይህን በነጠላው ያውቀዋል። ሁለት ነገር ግን ይቀንስብናል። አንደኛው፣ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ክንፉን የሚገፋበት ክብደት ያንሰዋል። ሁለተኛው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነፋሱ ይሽከረከራል፤ ይህ ማሽን ይጎዳል። ከአፋፉ ገባ ብሎ መትከል ይሻላል።

እኔን የበለጠ የሚያጓጓኝ ወቅቱ ነው። በአገራችን ብዙ ቦታ ነፋሱ የሚበረታው በበጋ ነው። ግድቦቻችን የሚሞሉት በክረምት ነው፤ በበጋ ውኃቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ነፋስና ውኃ ይተጋገዛሉ ማለት ነው። አጎቴ የሚያዘራበት ወር ተርባይኑም የሚሠራበት ወር ነው።

ዜና ላይ ስለምንሰማው ሜጋ ዋትም አንድ ነገር ልበል። መቀሌ አጠገብ ያለው፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 ተርባይኖች ይዞ 120 ሜጋ ዋት ነው። አዳማ ሁለት በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ሁሉም በሙሉ ጉልበት ሲሽከረከሩ የሚያወጡት ነው። 1.5 ሜጋ ዋት የሆነ አንድ ተርባይን ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ቢሠራ፣ ጉልበቱ በዓመቱ 8,760 ሰዓት ተባዝቶ 13,140 ሜጋ ዋት ሰዓት ያመነጫል። ነፋስ ግን ያርፋል። ከዚህ 30 በመቶውን ካገኘ፣ 3,942 ሜጋ ዋት ሰዓት ነው ማለት ነው።

መንገድና የኤሌክትሪክ መስመር ደግሞ አይረሳ። የአንዱ ክንፍ ርዝመት ከ40 ሜትር ሊበልጥ ይችላል፤ ያንን በጠመዝማዛ የደጋ መንገድ ማውጣት ቀላል አይደለም። የመጣውን ኃይል የሚቀበል ከፍተኛ መስመርም ቅርብ መሆን አለበት። ኮምቦልቻን የመሰለ የፋብሪካ ከተማ በቅርብ መኖሩ ለወሎ ጥሩ ነው።

ስለዚህ "እዚህ አካባቢ ትልቅ የነፋስ አቅም አለ" የሚል ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከመሬት በስንት ሜትር ከፍታ ላይ ተለካ? ለስንት ወር? መስመሩስ ከዚህ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?