የማዳበሪያ ድጎማ እጅ ላይ የሚቆጠር ብር አይደለም

አዳማ ዙሪያ መሬት ያላቸው ዘመዶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «ድጎማ ተፈቀደ ይባላል፤ ታዲያ የኛ ብር የታለ?»

ብሩ የለም። ማለቴ በካሽ የሚሰጥ የለም። ድጎማው ያለው ዋጋው ውስጥ ነው። መንግሥት ማዳበሪያውን በውጭ ምንዛሪ ገዝቶ በጅቡቲ በኩል ያስገባል። ድጎማ በመደበበት ዓመት ከዋጋው የተወሰነውን ራሱ ይሸፍናል። ገበሬው የኅብረት ሥራ ማህበሩ ጋ ሄዶ የሚከፍለው የቀረውን ነው። በ2014 ዓ.ም. 15 ቢሊዮን ብር ተደጎመ ሲባልም በዚሁ መልክ ነው እንጂ በነፍስ ወከፍ የታደለ ነገር የለም።

ለስሌት እንዲመች፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ማህበሩ መጋዘን እስኪደርስ 10,000 ብር ወጣበት እንበል። መንግሥት 3,000 ከሸፈነ ገበሬው 7,000 ይከፍላል። ሁለቱን ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ጋሪ ላይ ጭኖ ሲሄድ ኪሱ ያለው ደረሰኝ 7,000 ብቻ ይላል። 3,000ውን በዓይኑ አላየውም። ግራ የሚያጋባውም ይሄው ነው።

ብድር ሌላ ጉዳይ ነው። ዱቤ ይከፈላል፤ ድጎማ አይመለስም።

የድጎማው መጠን ግን በየዓመቱ፣ የመጓጓዣው ወጪ ደግሞ በየቦታው ይለያያል። ስለዚህ ሌላ ወረዳ ያለ ዘመዳችሁ የከፈለውን ይዛችሁ አትከራከሩ። የራሳችሁን ማህበር ዋጋ ጠይቁ።