የባስ ክላርኔት አያያዝና ሚዛን በድሬዳዋ

ባስ ክላርኔት ክላርኔት የተባለው የንፋስ መሣሪያ ቤተሰብ ወፍራም ድምፅ ነው። ከተለመደው ክላርኔት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ስምንት የድምፅ ደረጃ፣ ዝቅ ይላል። ቁመቱም ክብደቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። እስከ ዝቅተኛው ሲ (C) ድምፅ የሚወርደው ዓይነት ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል። ትንሹን ክላርኔት የቀኝ አውራ ጣት ይሸከመዋል። ባሱን ግን አይችለውም፤ ሌላ ደጋፊ የግድ ነው።

መሣሪያው አውሮፓዊ ነው። የድሬስደኑ ሠሪ ሃይንሪሽ ግሬንሰር በ1793 አንዱን ሠርቷል። ወደ ዛሬው ቀጥ ያለ ቅርጽ ያቀረበው ግን ሳክስፎንን የፈጠረው ቤልጂጋዊው አዶልፍ ሳክስ ነው። እሱም በ1838 የፈጠራ መብት አወጣበት። እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መደገፊያው ሁለት ነው፦ እግርና ማንገቻ። እግሩ ከታች የሚወጣ ቀጭን የብረት ዘንግ ነው። በብሎን እየላላ ይረዝማል፣ ያጥራል። ክብደቱን ለወለሉ ያስረክባል። ማንገቻው ከመሣሪያው ጀርባ ካለው ቀለበት ጋር ይያያዛል። አንገት ላይ ይውላል፤ ወይም በሁለቱም ትከሻ ያልፋል። በእኔ እምነት ተቀምጦ ለሚጫወት ሰው ሁለቱም አብረው ያስፈልጋሉ። እግር ብቻውን ያቆመዋል እንጂ አያረጋጋውም። አንድ ነጥብ ላይ የቆመ ረጅም ነገር ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ፊት ይወድቃል። ያን ጊዜ ቀኝ እጅ ሳይታወቀው ጨበጥ ያደርገዋል። የጨበጠ እጅ ደግሞ ቁልፍ ላይ አይፈጥንም። ማንገቻው ትንሽ ወጠር ሲል ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀራል።

ትልቁ ጉዳይ ከፍታው ነው። ብዙ ሰው መሣሪያውን ያቆምና ማውዝፒሱን (አፍ ውስጥ የሚገባውን ጫፍ) ፍለጋ ይጎነበሳል፤ ወይም አገጩን ወደ ላይ ያነሳል። ይህን ባየሁ ቁጥር አንገቴን ያመኛል። መጀመሪያ ሰውየው በደንብ ይቀመጥ። ወደ ወንበሩ ፊት ጠርዝ ቀረብ ይበል፤ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ይርገጡ፤ ትከሻው ይውረድ፤ ዓይኑ ፊት ለፊት ይይ። ከዚያ መሣሪያው ወደ እሱ ይምጣ። ማውዝፒሱ ጭንቅላት ሳይነቃነቅ ከንፈር ላይ እስኪደርስ ድረስ ዘንጉ ከፍ ዝቅ ይደረግ። ትንሹ ክላርኔት ከሰውነት ራቅ ብሎ ያዘነብላል። ባሱ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው፤ ታችኛው ጫፉም ትንሽ ወደ ተጫዋቹ ይገባል። ማውዝፒሱም አፍ ውስጥ የሚገባው እንደ ሳክስፎን ነው። በጉልበቶች መሃል ይሁን ወይስ በቀኝ ጭን በኩል? ሁለቱም ያስኬዳል። የሰውነት ቁመትና የክንድ ርዝመት ይወስነዋል።

ልክ መሆኑን ለማወቅ ሁለቱንም እጅ ከቁልፎቹ በጥቂቱ ማላቀቅ ነው፤ ቢወድቅ ለመያዝ ተዘጋጅቶ። ቦታው ላይ ከቀረ ሚዛኑ ተስተካክሏል። ከሸሸ የማንገቻው ርዝመት ወይም እግሩ ያረፈበት ቦታ ይቀየር። እግሩ ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያመጣው ለውጥ ይገርማል። አውራ ጣትንም መስማት ያስፈልጋል። ሥራው መምራት ነው እንጂ መሸከም አይደለም። ከልምምድ በኋላ እሱ ካመመ ክብደቱ ያለ ቦታው አርፏል ማለት ነው።

እዚህ ድሬ ወንበሩ ራሱ ፈተና ነው። የፕላስቲክ ወንበር መቀመጫው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ መደገፊያውም ክርን ይነካል። ክንድ የሌለው የእንጨት ወንበር ይሻላል። በርጩማ ደግሞ በጣም ዝቅ ይላል። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ገብቶም ማውዝፒሱ አፍንጫ ጋ ሊደርስ ይችላል። በተለይ ልጆችና አጫጭር ሰዎች ይቸገራሉ። ከፍ ያለ መቀመጫ ወይም ጠንካራ ትራስ ይረዳቸዋል። ሐረር ጁገል ውስጥ ባህላዊ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ነደባ የሚባለውን መደብ ያገኛል። የሐረሪ ቤት ዋና ክፍል ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት። ከጠርዙ ተቀምጦ የመሣሪያውን እግር ከታችኛው ወለል ማሳረፍ ነው። ከፍታው ከተስማማ ግሩም መቀመጫ ነው።

ሊሾና ሴራሚክ ወለል ያንሸራትታል። የዘንጉ ጫፍ ጎማ ያስፈልገዋል። ካልሆነም ቼሎ (ወለል ላይ የሚቆም ትልቅ ባለ አውታር መሣሪያ) ተጫዋቾች እንደሚያደርጉት ቀበቶ ከወንበሩ የፊት እግር ጋር አስሮ ጫፉን እዚያ ማስያዝ ይቻላል።

እግርም ማንገቻም ከውጭ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ድሬዳዋ በ1902 ከደረሰው ባቡር ጋር ያደገች ከተማ ናት፤ ብረት የሚያውቅ ሰው አይጠፋባትም። መሣሪያውን ይዞ ቶርኖ ቤት መሄድ ነው። ዘንጉ ከመግቢያው ጋር በልክ ይግጠም፤ ከቀጠነ ይንቀጠቀጣል። ማንገቻውን ቆዳ ሰፊ ይሠራዋል። መንጠቆው ላይ ግን ቁጠባ አያዋጣም። ክፍት መንጠቆ ሊወልቅ፣ ፕላስቲኩ ሊሰበር ይችላል። የሚዘጋ የብረት መንጠቆ ይሁን።

ቆሞ ለሚጫወት ሰው ነገሩ ይከብዳል። በአገራችን የዘመናዊ ንፋስ መሣሪያ ታሪክ ከሰልፍ ባንድ ጋር የተያያዘ ነው። ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች በ1924 አዲስ አበባ ገብተው የቤተ መንግሥቱ ባንድ ሆነዋል። በሰልፍ ሲጓዙ ከባድ መሣሪያ በማንገቻ ይንጠለጠላል። ባስ ክላርኔትን ግን በአንገት ብቻ ማንጠልጠል አልመክርም። ጭንቅላትን ወደ ፊት ይጎትታል፤ ትንፋሽንም ያጠብባል። በሁለቱም ትከሻ የሚያልፍ ሰፊ ማንገቻ ክብደቱን ወደ ጀርባ ያካፍላል። ጣት ከደነዘዘ ወይም ክንድ ከተቆጠቆጠ ማቆም፣ ካልተወም ሐኪም ማየት ነው።

የድሬ ሙቀትም የራሱ ነገር አለው። ናይለን ማንገቻ ላብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ ቆዳ ይፍቃል። ከስሩ የጥጥ ጨርቅ ማድረግ ያቀላል። ልምምዱንም ፀሐይ በረድ ስትል ማድረግ ይመረጣል። ደረቅ አየር ደግሞ እንጨትንና ቡሽን ያኮማትራል። 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ ወደ 1,900 ሜትር ወደምትጠጋው ሐረር በደንገጎ በኩል የወጣ መሣሪያ አየር ይለወጥበታል። ሲደርሱ ወዲያው አለመጫወት፣ ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ማቆየት ይጠቅማል። የመሣሪያው አንገት (ማውዝፒሱን የሚይዘው የተጠማዘዘ ቧንቧ) ቡሽ ከላላ አንገቱ በጨዋታ መሃል ይዞራል። ያኔ ማንገቻና እግር ቢነካኩ ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ ቡሹ ይቀየር።